ኦቾሎኒ የተጠቀለለባት ከዚራ፦ ለድሬዳዋ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና «አባባ፣ ድሮ ድሬ እንዴት ነበረች? ይንገሩኝ፣ ልቅረጽዎት» አለችኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ስለ ጋሪው፣ ስለ ከዚራ ሰፈር ጥላ፣ ስለ ባቡሩ ጩኸት፣ በሙቀት ወራት አልጋ ደጅ አውጥተን ኮከብ እየቆጠርን ስለ መተኛታችን አወራሁላት። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳላቋርጥ ተናገርኩ። አመስግና ሄደች። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን አፈርኩ። አርባ ዓመት ቀያሽ ሆኜ የኖርኩ፣ ሜትርና ቴዎዶላይት (ማዕዘን የሚለካ መነጽር ያለው መሣሪያ) ተሸክሜ ይህችን ከተማ ከጫፍ እስከ ጫፍ የለካሁ ሰው ነኝ። ለዚያች ልጅ የሰጠኋት ግን ማንም የድሬዳዋ ሽማግሌ በርጫ ላይ ተቀምጦ የሚያወራውን ነው። አንድ ልኬት የለበት፣ አንድ «ለምን» የለበት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያን ዕዳ ለመክፈል ነው።

እኛ ሽማግሌዎች «በእኛ ጊዜ» ስንል ግማሹን አትመኑን። የዚያን ጊዜው ፈጢራ የሚጣፍጠው ትኩስ ስለነበረና እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ነው። ዛሬም በማለዳ ቀፊራ ገበያ ብትወርዱ ፈጢራው ያው ነው፤ የተለወጠው የእኔ ጥርስ ነው። ጋሪው ጠፍቶ ባጃጅ ሲተካ ብዙዎቻችን አዝነናል። የዚያን ፈረስ ጀርባ በቅርብ ያየ ሰው ግን፣ የቆሰለበት ላይ ዝንብ ሰፍሮ፣ በቀትር ፀሐይ ሦስት ሰውና ሁለት ኩንታል ሲጎትት፣ ሐዘኑን ትንሽ ይቀንስ ነበር። ፈረሱን የጠየቀው የለም።

ደግሞ የምናለቅስላት ከተማ ራሷ አዲስ መጤ እንደነበረች እንረሳለን። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐሳቡ ሐረር መድረስ ነበር። ሐረር ያለችው ግን ተራራው ላይ ነው። ደንገጎን በመኪና ስትወጡ ጆሯችሁ ድፍን ይላል አይደል? ያን ዳገት ለባቡር መጥረብ ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆኖ ተገኘና ሃዲዱ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ መጀመሪያ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። (ድሬዳዋ የሚለውን ስም ኦሮሞውም ሶማሌውም በየቋንቋው ይፈታዋል፤ እዚያ ክርክር ውስጥ ለመግባት ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም።) ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ዕቃ ከባቡር እየወረደ በበቅሎና በግመል የሚጫነው እዚህ ነበር። መጋዘኑና ጉምሩኩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱና ዓረቡ ነጋዴ ሁሉ የመጣው ለዚህ ነው። ከተማችን የተወለደችው ገደል ስለነበረ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ከባቡሩ በፊትስ? የሐረር ቡናና ቆዳ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው በግመል ነበር። የቅፍለቱ ማረፊያ ደግሞ ጀልዴሳ ናት። ግመሉ የሚለወጠው፣ ቀረጡ የሚከፈለው እዚያ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ጀልዴሳ ጭር አለች። ከእናንተ መካከል እዚያ ሄዳችሁ የምታውቁ ስንት ናችሁ? የእናቴ እናት የጀልዴሳ ሲራራ ነጋዴ ልጅ ነበረች። ባቡሩን እስክትሞት ድረስ በስሙ አልጠራችውም፤ «ያ ብረት» ነበር የምትለው። እኛ ልጆቹ እንስቅባት ነበር። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራው ስለ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ሳማርር፣ ድምፄ ልክ የእሷን ይመስለኛል።

ሁለቱን ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ ለክቻለሁ። ከዚራን የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች በማስመሪያ ስላሰመሩት አንድ ጎዳና ለመለካት ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሲገባ ግን አንዱ መንደር ብቻ ሳምንታት ይወስዳል። ግድግዳው ሁሉ ይጎብጣል፣ መንገዱ ግመሉ እንደሄደበት ይጠማዘዛል፣ እያንዳንዱ ባለቤት ደግሞ ሻይ ካልጠጣችሁ አታልፉም ይላል። ወጣት ሳለሁ ከዚራ የሥልጣኔ፣ መጋላ የዝርክርክነት ምልክት ይመስሉኝ ነበር። የዚያን ዓይነት ትዕቢት ከትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት ነው። በኋላ አንድ ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መጋላ ውስጥ ባልደረባዬ የመለኪያ ዘንጉን ይዞ ቆሞ እኔ በመሣሪያው መነጽር ሳነብ፣ ሁለታችንም ጥላ ውስጥ መሆናችንን አስተዋልኩ። ግድግዳው ከፍ፣ መንገዱ ጠበብ ያለው ለካ ለፀሐይ ተብሎ ነው። ከዚራ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ዛፉ ነው። ያ እንደ ፍም የሚቀላ አበባ ያለውን ዛፍ ሰው «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ወዶ አይደለም። እንግዲህ መንገድ ይስፋ ሲባል እኔ አልቃወምም፤ ስንቱን መንገድ በገዛ እጄ ችካል ተክዬ አስፍቻለሁ። ስለ ውበት ከመሟገታችሁ በፊት ግን የሚነሳው ነገር ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር እወቁ። ዛፍ ተቆርጦ ሴራሚክ ቢነጠፍ በሚያዝያ ቀትር ማን ይሄድበታል?

አባቴ በምድር ባቡር ጋራዥ ቶርኖ ላይ የሚሠራ ሰው ነበር። የእኛ ሰፈር ሰው ያን መሥሪያ ቤት ሽመንደፈር ይለዋል፤ ከፈረንሳይኛው እንደመጣ ዱሮ አላውቅም ነበር። ባለ አንድ ሜትር ስፋት ሃዲድ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ በበረሃና በአሸዋ መካከል። ባቡሮቹ ሲያረጁ መለዋወጫ የሚሠራላቸው ፋብሪካ ጠፋ። ስለዚህ እነ አባቴ ራሳቸው ይሠሩት ጀመር። አባቴ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ ሚሊሜትርን ግን እንደ ጸሎት ነበር የሚያከብራት። የሠራውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ጥቁር ሽፋን ደብተር ላይ በእርሳስ ይስለው ነበር። ከሥዕሉ ጎን የፈረንሳይኛውን ስም በአማርኛ ፊደል ይጽፋል፦ ቡሎን፣ ፒስቶን፣ ኩሲኔ። ከዚያ ልኩን፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ በየትኛው ባቡር ላይ እንደተገጠመ። አንድ ገጽ ላይ «ይህ ተሰብሯል። በጣም አቅጥኜው ነበር» ብሎ ጽፏል። እሱ ከሞተ በኋላ ስለ ድሬዳዋ ከተጻፈ ከየትኛውም ነገር ይልቅ ያን ደብተር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ደመወዝ በሚወጣበት ቀን እናቴ አትነግረንም ነበር፤ መንገዱ ይነግረናል። ባለሱቁ የዱቤ መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ይጠብቃል፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ የሚያዞሩ ልጆች ወደ ጋራዡ በር ይሮጣሉ፣ ልብስ ሰፊው አይዘጋም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌው መስመር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲቆም የቆመው ጩኸቱ ብቻ አልነበረም። ያ መዝገብም ተዘጋ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በ2010 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ፈጣን ነው፣ ሰፊ ነው፣ ጥሩ ነው። ጣቢያው ግን ከከተማው ውጭ ስለሆነ መንገደኛው ከዚራ ላይ ቡና ሳይጠጣ ያልፋል። ስለዚህ አሮጌ ነገር ሲሄድ ስታዩ ከዚያ ነገር እንጀራ የሚበላው ማን እንደነበር ጠይቁ፤ አዲስ ነገር ሲመጣም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና እዚሁ ድሬዳዋ ተከፍቷል። የእናንተ ባቡር እሱ ሊሆን ይችላል። ስንቶቻችሁ ምን እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚቀጥር፣ ለመግባት ምን መማር እንደሚያስፈልግ ጠይቃችኋል? ወይስ ከአርባ ዓመት በኋላ «ያ ጊዜ ደግ ነበር» ልትሉ ነው?

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ደቻቱ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው እንደ መንገድ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ይመጣል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በማግሥቱ ያየሁትን አልጽፍም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ውሃው በየግድግዳው ላይ የተወውን የጭቃ መስመር እየለካሁ ዳርቻውን በእግሬ ዞርኩ። አንድ ቦታ ላይ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ የምትሸጥ አሮጊት ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና በምርኩዟ አንድ ትልቅ ድንጋይ አመለከተችኝ። «እዚህ ድረስ መምጣቱን እኮ አያቴም ትናገር ነበር» አለችኝ። «ለምን አልተናገርሽም፣ እማማ?» አልኳት። «ማን ጠየቀኝ?»

ያን ድንጋይ ሠላሳ ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ። አንድ ጊዜ የመሣሪያዬን እግር እሱ ላይ አስደግፌም ለክቻለሁ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ደግሞ የወረቀት ነው። በአንድ ወቅት የምሠራበት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤቱን ያጸዳ ጀመር። የማያገለግሉ ሰነዶችን የሚለይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሦስት ነበርን፣ አንዱ እኔ። ከአቧራው ውስጥ የድሮ የከዚራ ካርታዎች ወጡ፤ በእጅ የተሣሉ፣ ፈረንሳይኛ የተጻፈባቸው፣ ጥግ ጥጋቸውን ምስጥ የበላቸው። ኮምፒውተር ሊመጣ ነው ይባል ነበር፣ አዲስ ልኬት ሊሠራ ነው ይባል ነበር፣ ክፍሉም ይፈለጋል። ማንም አላስገደደኝም። ፈረምኩ። ወረቀቱ በኪሎ ተሸጠ።

ወር ሳይሞላ አሸዋ ገበያ የአንድ ብር ኦቾሎኒ ገዛሁ። ልጅቷ በቀንድ ቅርጽ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እየበላሁ ቤቴ ደርሼ መጠቅለያውን ልጥል ስል የሰሜን ቀስት አየሁበት። ዘረጋሁት። የሁለት ቦታዎች ቁጥር፣ የአንድ ጎዳና ግማሽ፣ «ጉድጓድ» የሚል ትርጉም ያለው የፈረንሳይኛ ቃልና በክብ የተሣለ የውሃ ጉድጓድ። ዘይቱ ጎዳናውን አጥፍቶታል። በማግሥቱ ተመልሼ ልጅቷን ቀሪውን ወረቀት ጠየቅኳት። አልቋል። ያ ጉድጓድ የት እንደነበር እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም፤ አንድ ሕንፃ ሥር ሳይሆን አይቀርም። ቁራጩ ከአባቴ ደብተር ውስጥ ተቀምጧል።

ለዚህ ነው ከእንግዲህ «ድሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁን የምለው። እንዲያ ከጠየቃችሁን ፈጢራና ጋሪ እናወራላችኋለን፤ እኛም ደስ ይለናል፣ እናንተም ትስቃላችሁ፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ውሃው የት ድረስ ደረሰ በሉን። ይህ ቤት ምን ይሠራበት ነበር፣ ማን ተከራየው፣ ለምን ተዘጋ፣ ጉድጓዱ የቱ ጋ ነው፣ ይህን ዕቃ በምን ትሠሩት ነበር በሉን። የማናስታውሰውን «አላስታውስም» እስክንል ድረስ ጠይቁን። ሁለት ሽማግሌዎች ሲጣሉ ሁለቱንም ጻፉ፤ አታስታርቁን። ፎቶ አንሡ፣ ግን ከፎቶው ጎን የጎዳናውን ስፋት ጻፉ። ከእናንተ መካከል አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ ወይም ከዚያም ርቃችሁ የምትሄዱ አላችሁ፤ ሂዱ፣ ይቅናችሁ። ይህች ከተማ መንገደኛን ወቅሳ አታውቅም፣ በመንገደኛ ነው የኖረችው። ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት አያታችሁን ለአንድ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ በእርሳስ።

የጎረቤቴን ልጅ ባለፈው እሑድ ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ጠራኋት። ስልኳን አስቀምጣ ደብተር ይዛ መጣች፤ ፀሐይ ሲበርድ ከቤታችን እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በር ድረስ አብረን ሄድን። የቤቶቹን ፊት እየለካን በሁለት ሰዓት ውስጥ የአንድ ጎዳና አንዱን ወገን ብቻ ጨረስን፤ ሦስት ቤቶች ላይ ማን ይኖር እንደነበር ማስታወስ አቅቶኝ የሚያውቁ ሰዎች ስም ጻፈች። የቀረውን ወገን በሚመጣው እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንጀምራለን። መምጣት የምትፈልጉ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ታገኙናላችሁ። የእኔ ሜትር አራተኛው ሜትር ላይ ስለተበጠሰ፣ ደህና ሜትር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።