የቤቱን ዳታ ልጆቹ ናቸው የሚጨርሱት ላልሽው

እህቴ፣ «የወር ጥቅል ገዝተን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፣ የልጆቹን ስልክ ልቀማ ወይ» ላልሽው ኧረ ተይ፣ አትቀሚ። እኛም እዚህ ጎንደር ማራኪ ከእናቴ ጀምሮ እስከ ትንሹ ልጄ ሁሉም ከኔ ስልክ በሆትስፖት (የኔን ዳታ እንደ ዋይፋይ እየተጋሩ) ነው የሚጠቀመው፣ የናንተም እንደዛው መሆኑ አይቀርም።

1. የየሰዉን ስልክ ሴቲንግ ገብተሽ ዳታ ዩሴጅ እዪ፣ ግን አንድሮይድ ላይ ሞባይል ዳታ የሚለውን ሳይሆን ዋይፋይ የሚለውን፣ በሆትስፖት የሚበላው እዛ ነው የሚቆጠረው። የልጄ ጌም ሲጫወተው ይሄን ያህል አይበላም፣ የሚበላው ማውረዱና አፕዴቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለችው እህቴ በቲክቶክ ትበላለች፣ እውነት ነው፣ ዳታ ሴቨሩን (ዳታ መቆጠቢያውን) ስታበራ ግን ቀነሰ። ከሁሉም የበለጠው የማን ሆነ መሰለሽ፣ የእናቴ! ዩቲዩብ ላይ መዝሙርና ስብከት ትከፍትና ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ቡናዋን ትቆላለች፣ ማንም የማያየው ቪዲዮ በሙሉ ጥራት ይወርዳል። ጥራቱ 1080 ላይ ከሆነ በሰዓት ከ1 ጊጋ በላይ ነው፣ 144 ላይ ግን 100 ሜጋም አይሞላ። ዩቲዩቡ ላይ ቪዲዮ ኳሊቲ የሚለው ጋ ገብቼ ለዋይፋይም ዳታ ሴቨር አደረግኩላት፣ ድምፁ ያው ነው። ወንድሜ ከውጭ በኢሞ ሲደውል በቪዲዮ ማየቷን ግን አልነካሁም፣ ልጇን ትይ እንጂ።

2. ሆትስፖት። ዋናው ይሄ ነው። የተገናኘው ስልክ ብዙ ጊዜ ተራ ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል፣ ስለዚህ «በዋይፋይ ብቻ» የተባለው ሁሉ ይለቀቃል፣ ፕሌይ ስቶር አፕዴት ያደርጋል፣ ፎቶው ይጫናል፣ ቴሌግራም የእድሩንም የማህበሩንም ቪዲዮ ያወርዳል። ይሄን ይነግሩኛል ብዬ ነው እኮ አንድ ቢሮ ሄጄ ግማሽ ቀን የተሰለፍኩት፣ ልጅቷ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ልጆችሽን ተቆጣጠሪ» ብላኝ ቀጣዩን ጠራች። እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ልጆቼ ባልበሉት ተከሰሱ። ማታ ቤት ገብቼ ስልኮቹን ሰብስቤ ራሴ አገኘሁት፣ ማንም አላሳየኝም። አንድሮይድ ከሆነ የተገናኘበትን የዋይፋይ ስም ነክተሽ «ሜተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) አድርጊው፣ አይፎን ላይ «ሎው ዳታ ሞድ» ይላል። ቴሌግራም ላይ ደሞ አውቶ ዳውንሎዱን ለዋይፋይም አጥፊ። አሁን የኛ ጥቅል ወሩን ይደርሳል።

3. ልጆቹ ይሄን ከኛ በላይ ስለሚያውቁ እነሱኑ አሰሪያቸው። የእናትሽን ስልክ ግን አንቺው ያዢላት፣ ዳታውን የጨረስሽው አንቺ ነሽ እንዳይሏት። የኔዋን ታናሽ ወንድሜ እንደዛ ብሏት መዝሙሩንም ትታ፣ ኢሞ ሲጠራም አላነሳም ብላ ሰነበተች፣ ለምኜ ነው ያስመለስኳት።