ቻኩ ከድሪል ማሽኑ ላይ እየወደቀ ላስቸገረህ ወንድማችን

ጥያቄህን ሌሎችም እንዲከታተሉት ላሳጥረው። የቁም ድሪል ማሽን አለህ፣ ስፒንድሉ (የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ) ሞርስ ቁጥር 2 የተባለው የሾጣጣ ልክ ነው፣ 16 ሚሊ ድረስ የሚይዝ ቻክ (ፑንታ መያዣው) እና አርቦር (ቻኩን ከስፒንድሉ ጋር የሚያገናኘው አጭር ዘንግ) ለየብቻ ገዝተህ ገጠምካቸው። 12 ሚሊ ፑንታ ብረቱን በስቶ ሊወጣ ሲል ቻኩ ዱብ ይላል። በመዶሻ መትተህ መለስከው፣ ደግሞ ወደቀ። አሁን በሎክታይት (የብረት ማጣበቂያ) ላጣብቀው ወይስ በብየዳ ነጥብ ላስይዘው ነው የምትለው። ሁለቱንም ተው። ሎክታይቱ ለማላቀቅ ከፍተኛ ሙቀት ይጠይቅሃል፣ ሙቀቱም ቻኩን ያበላሻል። ብየዳው ደግሞ ስፒንድሉን ያጣምመዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ ቀዳዳ አታይም።

መጀመሪያ የምትለየው ነገር ይህ ነው፦ ሲወድቅ አርቦሩ አብሮት ወረደ ወይስ አርቦሩ ስፒንድሉ ውስጥ ቀርቶ ቻኩ ብቻ ወረደ? መጋጠሚያው ሁለት ነው። አንዱ አርቦሩ ወደ ስፒንድሉ የሚገባበት ረጅሙ ሾጣጣ፣ ሁለተኛው ቻኩ አርቦሩ ላይ የሚቀመጥበት አጭሩ ሾጣጣ ነው። ሁለቱም ብሎን የላቸውም፣ ጥርስ የላቸውም። የሚይዛቸው ብረት ከብረት ጋር በሙሉ ገጹ ሲነካካ የሚፈጠረው ሰበቃ ብቻ ነው። የሞርስ ሾጣጣ በ100 ሚሊ ርዝመት ውፍረቱ የሚቀንሰው 5 ሚሊ ገደማ ነው። ይህን ያህል ቀጭን ተዳፋት ስለሆነ አንዴ በደንብ ከተቀመጠ ራሱን ይይዛል። የማይይዝ ከሆነ ገጾቹ አልተነካኩም ማለት ነው፤ ያልተነካካን ገጽ ደግሞ ምንም ያህል ብትመታው አታስነካካውም።

ቻኩ ብቻውን ከወረደ እኔ የምጠረጥረው የቁጥር አለመግጠምን ነው፣ ለየብቻ ስለገዛሃቸው። 16 ሚሊ ቻክ ብዙ ጊዜ ቢ18 ወይም ጄቲ6 (እነዚህ የአጭሩ ሾጣጣ የልክ ስሞች ናቸው) ሆኖ ይመጣል፣ ቢ16ም አይጠፋም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ቢ16 ላይ ያለው 16 ቻኩ ከሚይዘው የፑንታ ውፍረት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ የሾጣጣውን ወፍራም ጫፍ ነው የሚናገረው። ቻኩ ጀርባ ወይም ጎን ላይ የተቀረጸውን ፈልግ፣ አርቦሩ ላይ ደግሞ «ኤምቲ2-ቢ18» (ኤምቲ2 ማለት ሞርስ ቁጥር 2) ዓይነት ጽሑፍ ይኖራል። ጽሑፉ ከጠፋ ካሊፐር አውጣና የቻኩን የጀርባ ቀዳዳ አፉ ላይ ለካ፦ ቢ16 ከሆነ 15.73፣ ጄቲ33 ከሆነ 15.85፣ ጄቲ6 ከሆነ 17.17፣ ቢ18 ከሆነ 17.78 ሚሊ አካባቢ ታገኛለህ። የአፉ ጠርዝ ትንሽ ስለሚከረከም ካሊፐሩ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል፤ ስለዚህ አርቦሩንም ለካና አስተያይ።

አደገኛው ሊገጥም ጥቂት የቀረው ነው። ቢ18 አርቦር ጄቲ6 ቻክ ውስጥ ስታስገባ ጥርቅም ይልልሃል፣ በእጅ ስትስበውም አይወጣም። ግን ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ የአርቦሩ ሾጣጣ ውጭ ይቀራል። ሾጣጣው ቻኩ ውስጥ ገብቶ ከሞላ ጎደል ማለቅ አለበት፣ ያን ያህል ትርፍ ካየህ መልሰው። ቢ16 አርቦር ከጄቲ33 ቻክ ጋር ደግሞ በተዳፋት ይለያያሉ፤ ቢ16 በ20 ሚሊ 1 ሚሊ ሲቀንስ ጄቲ33 ይህንኑ 1 ሚሊ በ16 ሚሊ ገደማ ይጨርሳል። አርቦሩ ውስጥ ድረስ ገብቶ ጫፉ ብቻ ይነክሳል፣ አፉ በኩል ባዶ ነው። ቻኩን ይዘህ ስትነቀንቀው ቅንጣት ያህል ይላወሳል። ይህን የሚያስተካክል ነገር የለም፣ አርቦሩን ቀይረው። አርቦር ከቻክ ይረክሳል።

ቁጥሩ ከገጠመ፣ ወይም አርቦሩ አብሮ ከወረደ፣ ወደ ጽዳት እንሂድ። አዲስ ዕቃ የዝገት መከላከያ ቅባት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። የቻኩ የጀርባ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ድፍን ስለሆነ ውስጥ የቀረው ቅባት መውጫ የለውም፤ አርቦሩን ከታች ደግፎ ይገፋዋል፣ ሾጣጣውም እስከ መጨረሻው አይቀመጥም። አሴቶን ወይም አልኮል በንጹሕ ጨርቅ፣ ካጣህ ቤንዚን (ከእሳትና ከብልጭታ ርቀህ)። ናፍጣ አትጠቀም፣ ራሱ ቅባት ይተዋል። ከዚያ ትንሿን ጣትህን አስገብተህ ቀዳዳውን ዙሪያውን ዳስሰው። ዓይን ያላየውን ጉብታ ጣት ያገኘዋል። ጉብታ ካለ በዘይት ድንጋይ ጉብታውን ብቻ አለስልስ፤ በብርጭቆ ወረቀት ሾጣጣውን በሙሉ ማሸት ቅርጹን ያጠፋዋል።

መነካካቱን የምታረጋግጠው በማርከር ነው። አርቦሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አራት ቀጭን መስመር አስምር፣ ደረቅ እንደሆነ አስገባና ጫን ብለህ የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ በአምስት ደቂቃ የሚሄዳትን ርቀት ያህል ብቻ (ከሙሉ ዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ) አዙረህ አውጣው። መስመሮቹ በሙሉ ርዝመታቸው ከደበዘዙ ጤና ነው። አፉ ላይ ብቻ ወይም ጫፉ ላይ ብቻ ከደበዘዙ ተዳፋቱ አይገጥምም። ስፒንድሉ ውስጥ በሚገባው ረጅሙ ሾጣጣ መሀል ላይ አንድ ቀለበት ብቻ ካሸው ቀድሞ የተሽከረከረ አርቦር ስፒንድሉን ቧጥጦታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቶርኖ ቤት ወስደህ በሞርስ ቁጥር 2 ሪመር (የቀዳዳ ማስተካከያ መሣሪያ) በእጅ አንድ ሁለት ዙር ማስነካት ይበቃል፤ በሞተር እንዳያስነኩልህ።

አሁን መግጠም። ቻክና አርቦሩን ማሽኑ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አጋጥማቸው፣ ምክንያቱም ስፒንድሉ ላይ ሆነህ ከታች ወደ ላይ የምትመታው ምት በሙሉ የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ነው። የቻኩን ጥርሶች እስከ መጨረሻ ክፈትና ወደ ውስጥ አስገባቸው። አንድ ሚሊ እንኳ ወጥተው ከቀሩ ምቱን እነሱ ይቀበሉታል፣ የሚያንቀሳቅሳቸው የውስጥ ቀለበትም ይጎዳል። ቻኩን አፉን ወደ ታች አድርገህ ጠንካራ እንጨት ላይ አቁመው፣ አርቦሩን አስገባ፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መዶሻ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርገህ ምታ። በብረት መዶሻ ከመታኸው በአርቦሩ ጫፍ ያለው ጠፍጣፋ ምላስ ያብጣል፣ ያበጠ ምላስ ደግሞ ስፒንድሉ ውስጥ ማረፊያው አይገባም።

ቀጥሎ ማሽኑ። ሶኬቱን ንቀል። ስፒንድሉን ይዞ የሚወርደውን ቱቦ ዝቅ አድርግና በጎኑ ባለው ሞላላ መስኮት እያየህ ስፒንድሉን በእጅ አዙር፣ የውስጡ ቀዳዳ ከመስኮቱ ጋር ሲገጥም የምላሱ አቅጣጫ ይታይሃል። ምላሱን ከዚያ ጋር አስተካክለህ አርቦሩን በአንድ ፈጣን ግፊት ወደ ላይ ወርውረው። «ጧ» የሚል ድምፅ ትሰማለህ፤ «ዱብ» የሚል የደነዘዘ ድምፅ ከሆነ ቅባት ወይም ቆሻሻ አለ፣ አውጥተህ ድገመው። ከዚያ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ የእንጨት ቁራጭ አስቀምጥ፣ ጥርሶቹ አሁንም ውስጥ እንዳሉ ቻኩን በመጫኛው እጀታ እንጨቱ ላይ አውርደህ አጥብቀህ ተጫነው። ይበቃል።

ሲያልቅ በስፒንድሉ አፍና በቻኩ ጀርባ መካከል ጥቂት ሚሊ ክፍተት መኖር አለበት። ቻኩ ስፒንድሉን ከነካ፣ ወይም ስታወጣው የምላሱ አናት ላይ አዲስ የሚያበራ ምልክት ካየህ፣ አርቦሩ በሾጣጣው አልያዘም፤ ምልክቱን ካየህ በምላሱ ጫፍ ነው የቆመው። አሮጌ ወይም በሪመር የበዛበት ስፒንድል ላይ ይህ ይከሰታል። በጫፉ ከቆመ የምላሱን አናት አንድ ሁለት ሚሊ ማሳጠር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ዲያል ጌጅ (መወላገድን የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ካለህ የአዲስ 10 ሚሊ ፑንታ ለስላሳ ግንድ ቻኩ ላይ እሰርና ስፒንድሉን በእጅ እያዞርክ አንብብ። ለተራ ቻክ 0.1 ሚሊ ልታማርርበት አይገባም። ከ0.2 ካለፈ ቻኩን ከአርቦሩ አላቅቀህ ግማሽ ዙር አዙረህ መልሰውና እንደገና ለካ። ካልተሻለ ቻኩን አውጥተህ ጌጁን ስፒንድሉ ቀዳዳ ውስጥ አስገባ። እዚያ 0.02 ሚሊ ውስጥ ከሆነ ጥፋቱ የቻኩ ወይም የአርቦሩ ነው፤ ከበለጠ ኩሽኔታውን ተመልከት።

አንተ ጋ የሚወድቀው ፑንታው በስቶ ሊወጣ ሲል መሆኑ የራሱ ምክንያት አለው። የፑንታው ጫፍ ወጥቶ ጎኑ ብቻ ሲቀር ቁራጩን እንደ ብሎን ይነክሰውና ቻኩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ላሜራና ነሐስ ላይ ይብሳል። ቁራጩን በሞርሳ እሰር፣ ከሥሩ እንጨት አስገባ፣ መጨረሻዋ ሁለት ሚሊ ላይ ግፊትህን ቀንስ። ፍጥነቱንም እይ፦ ለ12 ሚሊ ፑንታ ለስላሳ ብረት ላይ በደቂቃ 650 ዙር አካባቢ ይበቃል። ድሪል ማሽኑን እንደ ሚሊንግ (ብረትን በጎን እየፋቀ የሚቀርጽ ማሽን) ለመጠቀም ከሞከርክ ግን ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ አያድንህም፣ የጎን ግፊትና ንዝረት ሾጣጣን ያላቅቃል።

ማውጣት ሲያስፈልግህ አርቦሩን በመስኮቱ በኩል በሽብልቅ ታወጣዋለህ፣ ክቡ ጠርዝ ወደ ላይ፣ ቀጥ ያለው ጠርዝ ወደ ምላሱ። ከቻኩ ሥር ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ እንጨት ይኑር፣ ሲለቅ ድንገት ነው የሚለቅ። ቻኩን ከአርቦሩ ለመለየት ደግሞ ሹካ መሰል ሁለት ሽብልቆች አሉ፣ ከግራና ከቀኝ አስገብተህ በሞርሳ ታጠብቃቸዋለህ። ካላገኘህ ጥርሶቹን ከፍተህ በአፉ በኩል መሀሉ ላይ 6 ሚሊ ቀዳዳ ብሳ፣ በብዙ ቻኮች ያ ቦታ ለስላሳ ብረት ነው፣ ከዚያ አርቦሩን በብረት ዘንግ ከውስጥ ገፍተህ ታስወጣዋለህ።

አርቦሩ አብሮ ወርዶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ፣ ቻኩ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና የማርከሩን ፎቶ ለጥፍልን።