የቆዳውን ዶዝ ከዲኤልፒ አታውጪው፤ የሐዋሳን የአየር ግፊትም አትርሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽ «ሐዋሳ ነው የምሠራው፤ በሲቲ እየታየ ባዮፕሲ ይወሰዳል፣ ፈሳሽ ይቀዳል። ሐኪሙ የታካሚው ቆዳ ስንት እንደወሰደ ጠየቀኝ፤ ዲኤልፒውን ለስንት ላካፍል?» የሚል ነው። ለምንም አታካፍዪው። ዲኤልፒ ማሽኑ የሚያሳየው የስካኑ ዶዝ (የጨረራ መጠን፣ በሚሊግሬይ) በተቃኘው ርዝመት ተባዝቶ የሚገኝ ቁጥር ነው።

1. ዲኤልፒ ለቆዳ አይሆንም። የመጀመሪያው ሄሊካል ስካን (አልጋው እየተንቀሳቀሰ የሚነሳው) 9 ሚሊግሬይ በ30 ሴንቲሜትር ቢሆን ዲኤልፒው 270 ነው። የማብቂያው ስካን 9 ሚሊግሬይ በ20 ሴንቲሜትር፣ 180። በመሀል አልጋው ሳይንቀሳቀስ መርፌውን ለማየት 14 ኤክስፖዠር (አጭር የጨረራ ምት) ተሰጠ እንበል፤ እያንዳንዱ 8 ሚሊግሬይ፣ ስፋቱ 1 ሴንቲሜትር፤ ድምሩ 112 ብቻ። በዲኤልፒ 80 በመቶው የሄሊካሎቹ ይመስላል። መርፌው የገባበት ቦታ ላይ ግን 9፣ 112 እና 9፣ በጠቅላላው 130 ሚሊግሬይ ተደራርቧል፤ 86 በመቶው ከእነዚያ ትንንሽ ኤክስፖዠሮች የመጣ ነው።

2. ስለዚህ መርፌው በገባበት ቦታ ላይ ያለፉትን ስካኖች ሲቲዲአይቮል (ማሽኑ ለእያንዳንዱ ስካን የሚያሳየው፣ ከላይ 9 እና 8 ያልነው ሚሊግሬይ) ብቻ ደምሪ። አስቀድመሽ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን የፋንተም (የሰው አካል ተክቶ የሚለካበት የፕላስቲክ ሲሊንደር) መጠን እዪ። የአንገት ባዮፕሲ በጭንቅላት ፕሮቶኮል ከተሠራ ቁጥሩ የ16 ሴንቲሜትር ፋንተም ነው፤ ያው ጨረራ በ32 ከሚነበበው እጥፍ ያህል ሆኖ ይታያል። ሁለቱን አንድ ላይ አትደምሪ።

3. አልጋው ቆሞ ሲሠራ ይህ ድምር ለመካከለኛ ሰው ከእውነተኛው የቆዳ ዶዝ ከፍ ይላል፤ ቢሙ (የሚወጣው ጨረራ) ጠባብ ከሆነ እስከ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ሲቲዲአይ በ100 ሚሊሜትር ላይ የተበተነውን ሁሉ ሰብስቦ ስለሚቆጥር ነው። ለማጣሪያነት ግን ጥሩ ነው፤ ድምሩ ከ1,000 ሚሊግሬይ በታች ከሆነ መዝግበሽ እለፊ። ሕፃንና ከሲታ ሰው ላይ፣ ታካሚው ከመሀል ወጥቶ ወደ ኤክስሬይ ቱቦው ሲጠጋ፣ እንዲሁም የሐኪሙን እጅ ለማዳን ቱቦው በከፊል ዙር ብቻ ሲያበራ ይህን አትመኚው። በከፊል ዙር የተመታው ጎን ከአማካዩ በላይ ይወስዳል።

4. የሲቲዲአይቮሉን ድምር ወደ ቆዳ ዶዝ የሚቀይር የራስሽን ማባዣ አውጪ። የ32ቱን ፋንተም መሀል ላይ አስተካክለሽ አስቀምጪ፤ ከላዩ የጋፍክሮሚክ ፊልም (ጨረራ ሲያገኘው የሚጠቁር) ቁራጭ ለጥፊ፤ ለመርፌ በምትጠቀሙበት ኬቪ (የቱቦው ቮልቴጅ) እና ኮሊሜሽን (የቢሙ ስፋት) አልጋውን ሳታንቀሳቅሺ 10 ዙር ስጪ። ፊልሙን ከ24 ሰዓት በኋላ በስካነር በቀዩ የቀለም ቻናል አንብቢና ለኮንሶሉ (የማሽኑ መቆጣጠሪያ) ድምር አካፍዪ። ኤክስአር-ኪውኤ2 የሚባለው ፊልም ከ200 ሚሊግሬይ በላይ አያገለግልም፤ ለታካሚ ቆዳ ኤክስአር-አርቪ3 ይሻላል። ፔንስል ቻምበር (አየር የያዘ ቀጭን የጨረራ መለኪያ) ለዚህ አይሆንም፤ የሚሰጥሽ የ100 ሚሊሜትር ድምር እንጂ የአንድ ነጥብ ዶዝ አይደለም።

ፔንስል ቻምበሩ የሚያስፈልግሽ ኮንሶሉ እውነት መናገሩን ለማረጋገጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ቻምበሩ ለአየር ክፍት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ንባቡ ስለሚቀንስ በማስተካከያ ይባዛል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዳማም እንዲሁ። ግፊቱ 83 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፣ የባሕር ጠለሉ ግን 101.3። በ25 ዲግሪ ሙቀት ማስተካከያው (ሙቀቱ በኬልቪን፣ መነሻው 20 ዲግሪ) (101.3 ÷ 83) × (298.2 ÷ 293.2)፣ ማለትም 1.24 ነው። ሰው ግን የስልኩን የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ከፍቶ 1,018 ሄክቶፓስካል (101.8 ኪሎፓስካል) የሚል ያያል፤ ያ ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የተጻፈ ቁጥር ነው። በእሱ ሲሰላ ማስተካከያው 1.01 ይወጣል፣ ልኬቱም 18 በመቶ ያህል ዝቅ ይላል። ከዚያ «ማሽኑ ያጋንናል» ተብሎ ከአዲስ አበባ ኢንጂነር ይጠራል፤ የመንገዱና የውሎ አበሉ ገንዘብ ይወጣል፤ ደህና የነበረ ማሽን ይነካካል። በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው፣ ጥፋቱ ማሽኑ ላይ የለምና። ሐዋሳ ላይ ከ900 ሄክቶፓስካል በላይ ካነበብሽ ቁጥሩ የዚያ ክፍል ግፊት አይደለም። የስልክ ባሮሜትር ሴንሰር ራሱ የሚሰጠውን ውሰጂ። ኤሌክትሮሜትርሽ (የቻምበሩ ማንበቢያ) ግፊቱን ራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ አታባዢ፤ ያኔ ስህተቱ ወደ ላይ ይሆናል።

ለሐኪሙ የምትመልሺው፦ ከላይ ያለው ዓይነት 130 ሚሊግሬይ ቆዳ አያቀላም። ጊዜያዊ መቅላት ከ2 ግሬይ (2,000 ሚሊግሬይ) አካባቢ ይጀምራል፤ በዚያው ቀን ሊታይ ይችላል። የፀጉር መርገፍ በ3 ግሬይ ገደማ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደታወቀው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች በጭንቅላት ፐርፊውዥን ሲቲ (የደም ፍሰት በሚያሳየው) በስህተት ከ3 እስከ 4 ግሬይ ወስደው ከፊሎቹ ፀጉራቸው ረግፏል፤ ያም አንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም ስካን ነበር።

3 ግሬይ ከደረሰ የቆዳውን ቦታ በካርዱ ላይ በሥዕል አመልክቺ። ታካሚው በሳምንቱ ለድጋሚ ቢመጣ ሐኪሙ መርፌውን በሌላ ቦታ ለማስገባት የሚያየው እሱን ነው።