ከቅርጫው ሞራ የልብስ ሳሙና መሥራት ያዋጣልን?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን የአራት ልጆች እናት ነኝ። የሳሙና ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምርብኝ ጎረቤቴ የምግብ ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ (ስብን ወደ ሳሙና የሚቀይር ኃይለኛ ኬሚካል) ገዝተን በቤታችን የልብስ ሳሙና እንድንሠራ መከረችኝ። በበዓል ከምንካፈለው ቅርጫ የሚተርፈኝ ሞራም አለ። በእርግጥ ወጪ ይቀንስልኛል? እናቴ ነጠላ ታጥብበት የነበረው እንዶድስ ዛሬም ያገለግላል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ክብርት አንባቢያችን፣ አዲስ የምግብ ዘይት ገዝተው ሳሙና እንዲሠሩ አንመክርዎትም። ከአንድ ኪሎ ዘይት የሚገኘው ሳሙና ሲደርቅ ከአንድ ኪሎ ብዙም ስለማይበልጥ ትርፉ ድካሙን አይክስም፤ በዚያ ላይ እንደ ሱፍ ዘይት ያለ ፈሳሽ ዘይት ብቻውን ሲሆን የሚወጣው ሳሙና ለስላሳና ቶሎ የሚያልቅ ነው። ሞራው ግን ሌላ ነገር ነው። ያለ ወጪ እጅዎ የገባ ከመሆኑም በላይ ጠንካራና ቆሻሻ የሚያስለቅቅ ሳሙና ይወጣዋል፤ ስለዚህ ቁጠባው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሞራውን ከሥጋና ከደም ለይተው ይክተፉት፤ በትንሽ ውሃና በአንድ ማንኪያ ጨው ቀቅለው በጨርቅ ያጣሩት፤ ሲረጋ ከላይ የሚወጣውን ነጭ ስብ አንሥተው ከሥሩ የቀረውን ውሃ ይድፉት። ለአንድ ኪሎ የነጠረ ሞራ 130 ግራም ኮስቲክ ሶዳና 350 ግራም ውሃ ያስፈልጋል። ከሞራው ሩቡን በተጣራ ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት ቢተኩትም ልኩ ያው ነው። እነዚህ ልኮች በሚዛን እንጂ በሲኒ ወይም በግምት ሊለኩ አይገባም፤ ኮስቲክ ሶዳው ከበዛ የልጆችዎን ቆዳና ልብሱን ያቃጥላልና።

ከሁሉ በላይ የምንጨነቀው ለደህንነትዎ ነው። ኮስቲክ ሶዳው ወደ ውሃው ቀስ እየተደረገ ይጨመራል እንጂ ውሃው በሶዳው ላይ ፈጽሞ አይፈስም። ሲሟሟ በራሱ እጅግ ይሞቃል፣ የሚያፍን እንፋሎትም ያወጣል፤ ስለዚህ ሥራውን ደጅ፣ ጓንትና መነጽር አድርገው፣ ልጆቹ በሌሉበት ይሥሩት። በየቤታችን ያለው ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ይህን ልብ ይበሉ፦ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን እየበላ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ይጠቀሙ። ቆዳዎ ላይ ከፈሰሰብዎ ሎሚ ወይም አቼቶ ሳይፈልጉ ቦታውን በብዙ ወራጅ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይጠቡት፤ ዓይን ከነካ እንዲሁ በብዙ ውሃ አጥበው፣ ልጅ ከቀመሰው ደግሞ እንዲያስታውክ ሳያስገድዱ፣ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

የቀለጠው ሞራና የሶዳው ውሃ ሁለቱም ለብ ሲሉ፣ ውሃውን በቀጭኑ ወደ ሞራው እያፈሰሱ አጥሚት እስኪመስል ያማስሉት፤ በእጅ ከሆነ እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ይገልብጡት። የደብረ ብርሃን ብርድ ሳሙናው ሳይዋሐድ እንዳያረጋው የመጀመሪያውን ሌሊት በብርድ ልብስ ሸፍነው ያሳድሩት። በማግስቱ በጓንት ቆራርጠው ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያድርቁት። ሲቆረጥ ውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ ወይም ነጭ ፍርፋሪ ያለበት ከሆነ እንዳይጠቀሙበት።

ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ባለበት አካባቢ እንዲህ ያለው ሳሙና አረፋው ያንሳል፣ ልብስም ላይ ግራጫ እድፍ ይተዋል፤ የዝናብ ውሃ ካጠራቀሙ ለማጠቢያ እርሱ ይሻላል።

እንዶዱ ዛሬም ያገለግላል፤ ለነጠላና ለጋቢም ከሳሙናው ይልቅ እርሱን እንመርጣለን። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው አረፋ ለጥጥ ልብስ ይስማማዋል። ነገር ግን ፍሬው ቢበላ መርዝ ነውና ከልጆች ይራቅ፤ እጣቢውም ወንዝ ውስጥ አይደፋ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነበር፤ ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ በቀንድ አውጣ በኩል ስለሚተላለፍ ግኝታቸው ለበሽታው መከላከያ ምርምር መነሻ ቢሆንም፣ ያው እጣቢ ዓሣንም ይገድላል። ከወንዝ ርቀው ጉድጓድ ቆፍረው ያፍስሱት።