መልስ፦ ከማርክ ወደ ቢብፍሬም መሸጋገር ለአማርኛ መጻሕፍት ምን ይጠቅማል?

ጤና ይስጥልኝ። ማርክ (MARC)፣ ማለትም ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍትን መግለጫ በኮምፒውተር የሚመዘግቡበት ቅርጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተቀረጸው የካታሎግ ካርድ መግለጫን በኮምፒውተር ለመለዋወጥ ስለነበር፣ ደራሲን የሚለየው በአብዛኛው በስሙ አጻጻፍ ነው። የእኛ ችግር የሚብሰው እዚህ ላይ ነው፤ «ኃይሉ» አንዱ መጽሐፍ ላይ በ«ኃ»፣ ሌላው ላይ በ«ሀ» ይታተማል፣ በላቲን ሲጻፍ መልኩ ይበዛል፣ የአባት ስምም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ሲቀድም አንዱ ሰው ሦስት ደራሲ ሆኖ ይመዘገባል። ማርክን እንዲተካ በታሰበውና እ.ኤ.አ. በ2016 በታደሰው የመግለጫ ሥርዓት፣ በቢብፍሬም (BIBFRAME) ግን ደራሲው ቋሚ የድር መለያ ስለሚኖረው አጻጻፎቹ ሁሉ በዚያ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ድርሰቱ፣ እትሙና መደርደሪያ ላይ ያለው ቅጂም ተለያይተው ይያያዛሉ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የደራሲዎቹን ስም መዝገብ ያጽዱ፤ የግዕዙን ፊደልም እባክዎ በላቲን አይተኩት፣ ጎን ለጎን ያቆዩት እንጂ።