የሮለር መለኪያ፦ ፍሬሙ አሉሚኒየም ይሁን ወይስ ብረት ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ደሴ ሆነሽ ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሮለር፣ ማለትም ማሽን ላይ የሚሽከረከረው የብረት ሲሊንደር፣ ዲያሜትር መለኪያ ልትሠሪ እንደሆነ ጽፈሻል። ሮለሩ ከማሽኑ ሳይወርድ አንድ ሰው ይዞት እየዞረ የሚለካበት ማለት ነው። «ከብረት ብሠራው ይከብዳል፣ ከአሉሚኒየም ብሠራው ሙቀት ያሳስተዋል» ብለሽ ነው የተጨነቅሽው። አብሽሪ፣ ሮለሩን የሚያቅፈውን ፍሬም በአሉሚኒየም ሥሪው። እኔ ይህንኑ ዕቃ ሠርቼ ዛሬም ኮምቦልቻ ላይ እለካበታለሁ። ፍሬሙ ላይ የሚገጠመውን የዳያል ጌጅ (ጥቃቅን የርዝመት ልዩነት በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) አነባበብ ስለምታውቂ እሱን አልፌዋለሁ።

1. ሙቀቱን በፍሬሙ አትታገዪው። የርዝመት ልኬት በዓለም ሁሉ የሚነገረው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ብረት በአንድ ሜትር ርዝመት፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.0115 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። አሉሚኒየም ደግሞ 0.023፣ እጥፉን። 300 ሚሊሜትር የሚያቅፍ ፍሬም ጠዋት ደሴ ብርድ ላይ ዜሮ አድርገሽ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድሽ እንበል፤ ፋብሪካው ውስጥ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ከሮለሩ ጋር የሚለያይበት ብቻ 0.035 ሚሊሜትር ግድም ይሆናል። የሚፈቀድልሽ ስሕተት 0.02 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ልፋትሽ ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

መላው ማስተር ዘንግ ነው፤ ርዝመቱ በትክክል የታወቀ፣ ጌጁን የምታስተካክዪበት ዘንግ። ርዝመቱ ለሮለሩ ዲያሜትር የቀረበ፣ ከብረት የተሠራ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ክብ ተደርገው በግራይንደር (በመሞረጃ ማሽን) የለሰለሱ። ፋብሪካ ስትደርሺ ዘንጉን ሮለሩ ላይ በጎማ ቁራጭ እሰሪውና ሌላ ሥራሽን ሥሪ፤ የሮለሩን ሙቀት ይውሰድ። ከዚያ ጌጁን ዘንጉ ላይ ዜሮ አድርጊ፣ ወዲያው ሮለሩን ለኪ፣ ተመልሰሽ ዘንጉን ለኪ። ዜሮው ካልተመለሰ ያንን ንባብ ሰርዢው። እንዲህ ሲሆን ፍሬሙ ሳይለወጥ መቆየት ያለበት ለዚያች ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። የጌጁ ስፕሪንግ ፍሬሙን ትንሽ ቢከፍተውም ዘንጉም ላይ ሮለሩም ላይ እኩል ስለሚከፍተው ይጣፋል። መሣሪያው ቀላል ሊሆን የቻለው በዚህ ነው እንጂ በአሉሚኒየሙ ብቻ አይደለም። መያዣውን ግን እንጨት ወይም ፕላስቲክ አልብሺው፤ ማይክሮሜትር (በብሎን እየጠበቀ የሚለካው የእጅ መለኪያ) ላይ ያ ፕላስቲክ የሚለጠፈው የእጅ ሙቀት ወደ ብረቱ እንዳይገባ ነው።

2. ፍሬሙ የሚሠራበት ቱቦ ወፍራም፣ ግድግዳው ስስ ይሁን። ክብደቱ ሳይጨምር ዲያሜትሩን እጥፍ፣ ግድግዳውን ግማሽ ብታደርጊው ወደ አራት እጥፍ ይጠነክራል። የፍሬሙን ክንድ ግን ሳያስፈልግ አታርዝሚ፤ እጥፍ ስታረዝሚው በዚያው ኃይል ስምንት እጥፍ ይጎብጣል። ጌጁም የሚለካው መስመር ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጥ፣ ወደ ጎን አይውጣ። ኧርነስት አቤ የሚባለው ጀርመናዊ በ1890 ያስቀመጠው ሕግ ነው፤ ካሊፐር (በሁለት መንጋጋ የሚለካው ተንሸራታች መለኪያ) ከማይክሮሜትር ይበልጥ የሚሳሳተውም ይህን ስለሚጥስ ነው።

3. ወረቀቱ። እዚህ ላይ ነው ጊዜሽን የሚበሉሽ። ፋብሪካው «የካሊብሬሽን ሰርተፊኬት ከሌለው ንባብሽን አልቀበልም» ይልሻል፤ መለኪያው ከታወቀ ልኬት ጋር ተመሳክሯል የሚል ወረቀት ማለቱ ነው፣ እውነቱን ነው። እኔም መሣሪያዬን በጨርቅ ጠቅልዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ጨርቁን እንኳ አላስፈታኝም። ቅጹ ላይ «አምራች ድርጅት» በሚለው ቦታ የራሴን ስም ጻፍኩ፤ በቀይ እስክርቢቶ ሰረዘውና «ካታሎግ አምጣ» አለኝ። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ካታሎግ ከየት ይመጣል? «እንግዲያው ዕቃ አይደለም» አለኝና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። ወላሂ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እዚህ አገር ሰው በእጁ የሠራውን ዕቃ አንስቶ ለማየት የሚፈቅድ እንዴት ይጠፋል? የበላዩ ጋ ገባሁ፤ እሱ ደግሞ ስልኩን እያየ ደብዳቤ ጻፍ አለኝ፣ ጻፍኩ፣ መልስ የለም።

አንቺ በዚያ በር አትግቢ። መሣሪያውን ቤት ትተሽ ዘንጉን ብቻ ላኪ! እኔ እንደዚያ ሳደርግ ያው መሥሪያ ቤት ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበለው፤ ለእነሱ ርዝመቱ የሚለካ አንድ ብረት ነው። ርዝመቱና ልኬቱ በምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት ወጣ። ፋብሪካውም የጠየቀው ንባቡ ወደታወቀ ልኬት እንዲመለስ ነው፤ በዘንጉ በኩል ይመለሳል። በየጊዜው መልሰሽ ታስለኪዋለሽ እንጂ ፍሬሙን ማንም አይጠይቅሽም።

መጀመሪያ የለካሁበት ፋብሪካ ሮለሩን በክሬን አውርደው ቶርኖ ቤት እየወሰዱ ነበር የሚለኩት፤ ሥራው በቆመ ቁጥር ኪሳራ ነው። ፎርማኑ መሣሪያዬን በአንድ እጁ አንስቶ «ይቺ?» አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በየ10 ሳንቲሜትሩ ለካሁለት፤ መሐሉ ተበልቶ ሰርጉዷል፣ ጫፎቹ ደህና ናቸው። እሱ ግን ከዚያ በፊት የሚለካው ጫፎቹን ብቻ ነበር። አሁን ሮለር በተጠረጠረ ቁጥር ራሱ ነው የሚደውልልኝ።

የሮለርሽን ትልቁንና ትንሹን ዲያሜትር እዚህ ጻፊልኝ። ልዩነቱ ከ50 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ አንድ ፍሬም አይበቃሽም፣ ሁለት ያስፈልግሻል። ቱቦውን ከመቁረጥሽ በፊት ግን ሥዕሉን ለጥፊው፣ አየዋለሁ።