ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጤና አዳም ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መዋል

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ጤና አዳም፣ የጽጌረዳ አበባና የጥብስ ቅጠል አድርቄ በኑግ ዘይት እዘፈዝፍና አጥልዬ እቀባዋለሁ፤ ከደረቀው የተረፈውን ደግሞ ለልብስ ሳጥን መዓዛ እንዲሆን በትንንሽ ከረጢት እየሰፋሁ እሸጣለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት አንገቴንና ደረቴን ተቀብቼ ቅዳሜ ገበያ ዋልሁ። በማግሥቱ ማታ ያቃጥለኝ ጀመር፤ ሰኞ ውኃ ቋጠረ፤ አሁን ጠቁሯል። አስቀድሜ ማታ ማታ ክንዴ ላይ ሞክሬው ምንም አላደረገኝም ነበር። አለርጂ ነው? ሥራዬንስ ልተው?

መልስ፦ እንደ ገለጻዎ ከሆነ አለርጂ አይመስለኝም። ጤና አዳም ፉሮኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነዚህም ቆዳ ላይ እያሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ቆዳውን እንደ እሳት ይለበልቡታል። ይህ ማንም ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። ቃጠሎው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ስለሚወጣ ሰው ቅባቱን ከነገሩ ጋር አያያይዘውም። ማድረቅም መርዛማነቱን አያጠፋውም፤ ዘይቱ እንዲያውም ንጥረ ነገሩን ከቅጠሉ ስቦ ያወጣዋል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በምትገኘው ጎንደር ደግሞ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል።

መስተዋት ፊት ቆመው ጥቁረቱን ልብ ብለው ይመልከቱት፦ ጣትዎ በሄደበት መሥመር የተሰመረ፣ ነጠላዎ የሸፈነው ቦታ ላይ ግን የተቋረጠ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። የክንዱ ሙከራም ያታለለዎት ማታ ስለ ተደረገ ነው፤ ፀሐይ ያላየ ቆዳ ይህን አይናገርም።

ቅባቱን ዛሬውኑ ይተዉት። ጥቁረቱ በራሱ ይለቃል፤ ነገር ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃልና ቦታውን ከፀሐይ ይሸፍኑት። ሎሚ አይሹበት፤ ሎሚም ያንኑ ንጥረ ነገር ይዟል። ማንጫ ክሬም ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የስቴሮይድ ቅባቶችን ከጎረቤት ምክር ተነሥተው መቀባት ደግሞ፣ በየጊዜው እንደማየው፣ ከመጀመሪያው ቃጠሎ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

ከረጢቱን መስፋት መተው አያስፈልግዎትም። ጥንቃቄ የሚያሻው እርጥቡን ጤና አዳም ሲቆርጡና ሲዘነጥሉ ነው፤ ጓንትና እጅጌ ረዥም ልብስ ያድርጉ፣ ሲጨርሱም ፀሐይ ላይ ከመውጣትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ካልተንኮሻኮሸና ከተጣጠፈ ገና እርጥበት አለውና በተለይ በክረምት ሻጋታ ያበጃል፤ የሻገተውን ለማንም አይሽጡ። ለቆዳ የሚሆን ዘይት ከፈለጉ ጤና አዳሙን ትተው ጽጌረዳውን ብቻ ይዘፍዝፉ፤ እሱንም ቢሆን ለሕፃናት ቆዳ አይስጡ፣ ለራስዎም ክንድዎ ላይ ለአንድ ሳምንት ያህል በቀን ሁለት ጊዜ ሞክረው ይጀምሩ። ቡና ላይ የምንጥላት የጤና አዳም ቅንጣቢ ሌላ ጉዳይ ናት፤ እኔም አልተውኋትም፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጤና አዳምን እንደ መድኃኒት መጠጣት የለባትም።

ወደፊት ውኃ የቋጠረ ነገር ቢወጣ አያፍርጡት፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያድርጉበት። መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይን አካባቢ ከደረሰ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ሲሄዱም የቅባቱን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ።